ሰነድ የሌለው ሰነድ

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ርእሳችን ከመስጂድ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ሶፍትዌር የሠራ ሰው በመግለጫው ላይ የማንን ጥናት እንደተጠቀመ ሳይጽፍ ሲቀር፣ ይህ የሰው ሐቅ ነው ወይስ ተራ ቸልታ? ከሙጃና ከላስታ ወጥታችሁ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆቻችን በተለይ አስቡበት።

«ሰነድ» በአማርኛ የተጻፈ ማስረጃ ነው። በሐዲስ ዒልም ደግሞ ንግግሩ ከማን ወደ ማን እንደደረሰ የሚያሳየው ሰንሰለት ነው። የወሎ ደረሳ ኪታብ ሲቀራ «ከማን ቀራህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሸይኹም ኢጃዛ ሲሰጡ የራሳቸውን ሸይኽ ይጠራሉ። ኢማሙል ቁርጡቢም በተፍሲራቸው መግቢያ ላይ፣ ንግግሩን ሁሉ ወደ ተናጋሪው ለማስጠጋት በራሳቸው ላይ ግዴታ ጥለዋል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። የአማርኛ ጽሑፍ የሚፈልግ መተግበሪያ ሠራህ እንበል። ሰው «ቤት» ብሎ ሲፈልግ «ከቤቶቻችን» የሚለውም እንዲመጣለት፣ ፕሮግራሙ ከቃሉ ፊትና ኋላ የተቀጠለውን ማራገፍ አለበት። በዚህ ላይ ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት በ2002 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። ማይክል ጋሰርም የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን የሚተነትን «ሆርንሞርፎ» የሚባል ፕሮግራም ሠርቷል። ከእነዚህ መንገዱን ወስደህ በመግለጫህ ላይ «በእኛ የተፈለሰፈ ዘዴ» ብትል፣ ወይም ዝም ብትል፣ ምን አደረግክ?

በመቀናጆ ያረሰን ሰው አስበው። የራሱ አንድ በሬ፣ የጎረቤቱ ሌላ በሬ ነበር። አዝመራው ሲደርስ «በራሴ ጥማድ አረስኩ» ቢል ማን ያምነዋል? አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደምቁ ያሉት ለዚህ ነው። አላህም በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 188ኛው አንቀጽ፣ ባልሠሩት ሥራ መመስገን የሚወዱትን ከቅጣት ያመለጡ እንዳይመስሏችሁ ብሎ አስጠንቅቋል።

አንዱ ሊል ይችላል፦ «ሕጉ አይከለክለኝም»። እውነት ነው፣ የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ቢጠብቅም ሐሳብንና ዘዴን አይጠብቅም። ስለዚህ ዘዴውን መጠቀም ተፈቅዷል፤ አጥኚዎቹም ያሳተሙት እንድንጠቀምበት ነው። ነገር ግን መጠቀም መፈቀዱ ባለቤቱን መደበቅን አይፈቅድም። ፍርድ ቤት የማይጠይቀውን አላህ ይጠይቃል።

ጉዳቱ በአጥኚው ላይ ብቻ አይቀርም። ዘዴው በምን ዓይነት ጽሑፍ ላይ እንደተፈተነ፣ የት እንደሚሳሳት የተጻፈው በጥናቱ ውስጥ ነው። ጥናቱን ከደበቅክ፣ ተጠቃሚው ስህተት ሲያጋጥመው ወዴት ሄዶ ያረጋግጥ? ተቃራኒውም አለ። ማርቲን ፖርተር በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ ቃል ማራገፊያ ዘዴ፣ በስሙ ብዙ የተሳሳተ ኮድ ስለተሰራጨበት ትክክለኛውን ራሱ ለማውጣት ተገዷል። ስም መጥራት ብቻ አይበቃም፤ ያላለውንም አለ ማለት አይገባም።

የሐዲስ ሊቃውንት «ተድሊስ» የሚሉት ነገር አለ። ተራኪው በመካከል ያለውን ሰው ዘልሎ ከላይኛው በቀጥታ የሰማ ሲመስል ነው። ዘዴውን ከሌላ ሰው ኮድ ቀድተህ፣ ያላነበብከውን ጥናት እንዳነበብከው አድርገህ ብትጠቅስ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ አድርግ፦

1. የአጥኚውን ስም፣ የጥናቱን ርእስና ዓመቱን በመግለጫው ላይ ጻፍ።
2. የወሰድከውንና አንተ የለወጥከውን ለይ።
3. ኮዱን ያገኘኸው ከሌላ ሰው ከሆነ እርሱንም ጥራ፤ የፈቃድ ጽሑፉን አትሰርዝ።
4. የረሳኸው ካለ በሚቀጥለው እትም አስተካክል።

ይህ ከባድ አይደለም። «አር» የሚባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ እንዴት እንደሚጠቀስ የሚያሳይ ትእዛዝ በውስጡ አለው። ጊትሃብም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥቀሻ ፋይልን ለይቶ ያሳያል። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ኒያ ነው።

ደግሞም የሰው ስም መጥራት ሥራህን አያሳንሰውም። «ከማን ቀራህ?» ሲባል መልስ ያለው ደረሳ ነው የሚታመነው።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። ዛሬ ሱረቱል ከህፍንና በነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትን አንርሳ። ወላሁ አዕለም።