ቫይታሚን ሠሪ ባክቴሪያዎችና የድርቅ ጊዜ ምግብ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው የሳንሱሲ ሰፈር፣ እንደ ሌላው የከተማው ክፍል ሁሉ፣ አዲስ ጎጆ የምታወጣ ሴት ከጎረቤት ከምትጠይቃቸው ነገሮች አንዱ እርሾ ነው። በቦካ ሊጥ ላይ የሚጠልለው ይህ ቢጫማ ውኃ ለዓይን ተራ ነገር ቢመስልም፣ ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎችና ልዩ ልዩ የእርሾ ፈንገሶች የሚኖሩበት ነው። በጤፉ ስኳር እየተመገቡ አሲድ ያመነጫሉ፤ ሊጡም ይኮመጥጣል።

ከእነዚህ ተሕዋስያን አንዳንዶቹ ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ይሠራሉ። ከኢትዮጵያ የጤፍ ሊጥ የተለዩ ባክቴሪያዎች ይህን ማድረግ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። ፎሌት ለደም መመረትና በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት ለፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መሠራት ያስፈልጋል። ነገር ግን የምጣዱ ሙቀት ከተገኘው ፎሌት ከፊሉን ያጠፋዋልና እንጀራ ብቻውን ነፍሰ ጡርን ያድናል ማለት ስሕተት ነው። የመቡካት ሌላው ጥቅም ምናልባት የበለጠ የታመነ ነው፤ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚያፈርስ፣ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት ይቀላል።

ውኃና ማገዶ ባጠረበት፣ ሊጥ ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚቀመጥበት ዕቃ በሌለበት መጠለያ ግን ተረጂው የታደለውን ዱቄት ቂጣ አድርጎ ይበላዋል። በዚህ ጊዜ የእርሾው ሥራ ይቀራል።

ድርቅ የሚያስቀረው ሌላም የባክቴሪያ ሥራ አለ፤ እሱም ከሁሉ የከበደ ነው። ቫይታሚን ቢ 12ን ተክልም እንስሳም አይሠራውም፤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና የቅርብ አምሳያዎቻቸው ብቻ ናቸው። በላም፣ በፍየልና በግመል ሆድ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከሣር የሚገኘውን ኮባልት ተጠቅመው ያዘጋጁታል፤ ለሰውም በወተትና በሥጋ ይደርሳል። ስለዚህ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ሀብቱን ብቻ ሳይሆን ይህን ቫይታሚን የሚያገኝበትን ምንጭም ያጣል፤ በምትኩ የሚሰፈርለት ስንዴም ሆነ በቆሎ ቢ 12 የለውም። የአዋቂ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ሊይዝ ስለሚችል ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ክምችቷ ያለቀባት እናት የምታጠባው ሕፃን ግን ቀድሞ ይጎዳል።

የሰውም አንጀት ባክቴሪያዎች ቢ 12 ይሠራሉ፤ ሆኖም የሚሠሩት በትልቁ አንጀት፣ ቫይታሚኑ ከሚመጠጥበት ቦታ በታች በመሆኑ ለባለቤቱ አይጠቅምም። ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬም ያመርታሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጀት ገና ባክቴሪያ ያልለመደ፣ የእናት ጡት ወተትም በዚህ ቫይታሚን ድሃ ስለሆነ፣ በጤና ተቋም ለተወለዱ ሕፃናት በመርፌ ይሰጣል።

ቫይታሚን ሲን ግን ከእነዚህ ባክቴሪያዎች መጠበቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1989 በሐርቲሼክ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ስከርቪ የተባለው ድድ የሚያደማ በሽታ የታየው፣ የሚታደለው ምግብ ቫይታሚን ሲ ስላልነበረው ነው። እህልና ዘይት ብቻ በሚታደልበት ስፍራ ጎመን፣ ቃሪያና ሎሚ የሚገኝበት መንገድ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። እርሾውን በተመለከተ፣ ሠፋሪዎች ሲጓዙ ጥቂት ቤተሰቦች በክዳን ዕቃ ይዘው ቢነሡ ይበቃል፤ ከአንዱ ቤት ቡሖ የተቀዳ አንድ ጭልፋ ለጎረቤት ይደርሳል፣ ያም በተራው ለሚቀጥለው ያካፍላል። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ማቡኪያውና ማገዶው ነው።