የካርታ ጉልበትና ዋጋው

አዲስ የካርታ ጨዋታ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ካርታው ጉልበት ነው። እኛ ግን ዋጋው ይቅደም እንላለን።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ጋርፊልድ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ማጂክ» በተባለው የአስማተኞች ጨዋታ ውስጥ «ብላክ ሎተስ» የምትባል ካርታ አለች። ብዙዎቹን ካርታዎች ለማውጣት ኃይል ሲከፈል፣ እርስዋ ያለ አንዳች ክፍያ 3 የኃይል ነጥብ ትሰጣለች። ስለዚህም በብዙ ውድድር ተከለከለች፤ በተፈቀደችበትም ከ1 በላይ መያዝ አይቻልም።

ታዲያ ዋጋ ከወዴት ይገኛል? ከነገሩ ከራሱ ነው። ቁሐር ሚካኤል ያለበትን የፎገራን ሜዳ እንመልከት። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ማሳ ያጥለቀልቃሉ፤ ነገር ግን ደለል ያለብሱታል፤ ውሃውም ለሩዝ ይስማማል። እንግዲህ «የርብ ሙላት» የምትባል ካርታ ብንሠራ፣ የባላጋራን ማሳ ብቻ የምታጠፋ ከሆነች ጨዋታውን ትገድላለች። የሁለቱንም ማሳ አጥፍታ በሚቀጥለው ተራ የሩዙን ምርት እጥፍ ብታደርግ ግን፣ ተጫዋቹ «መቼ ላውጣት?» ብሎ ይጨነቃል። የጨዋታው ጣዕም ይኸው ጭንቀት ነው።

መመዘኛውም ቀላል ነው። አንዱ ካርታዋን ይዞ፣ ሌላው ሳይዝ 10 ጊዜ ይጫወቱ፤ ቀጥሎም ይለዋወጡ። የያዛት ሁልጊዜ ካሸነፈ ዋጋዋን በ1 ነጥብ እናንሣ። ሁለት ነገር ባንድነት ግን አንለውጥ፤ የትኛው እንዳስተካከላት አናውቅምና።

ጉልበት ያለ ዋጋ ከተሰጠ ማሰብ ይቀራል፤ ዕድል ብቻውን ይጫወታል።