ኔክተርጋልን በዓይኗ ማየት ለምትሻ ልጄ

ልጄ፣ እዚህ ስቶክሆልም ተወልደሽ ኔክተርጋል የሚባለውን ወፍ በጆሮሽ እንጂ በዓይንሽ እንደማታውቂው ነገርሽኝ። የምመክርሽ ይህን ነው።

1. ወቅቱን አትለፊ። የሚመጣው በግንቦት ልደታ ሰሞን ነው፤ እስከ ሰኔ አጋማሽ ይዘፍናል፣ ቡሄ ሲደርስ ጓዙን ይጠቀልላል።

2. ሩቅ አትሂጂ። ከሁስቢና ከአካላ አጠገብ ባለው በያርቫ ሜዳ፣ በኢገልቤከን ጅረት ዳር ፈልጊው። የሚወደው እርጥብ መሬትና ጥቅጥቅ ያለ የአኻያ ቁጥቋጦ ነው። ነፍሳትና ትል የሚለቅመውም፣ ጎጆውን የሚሠራውም መሬት ላይ ስለሆነ ዛፍ ጫፍ ላይ አታንጋጥጪ።

3. ሌሊት በጆሮሽ፣ ንጋት ላይ በዓይንሽ ፈልጊው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ድምፁ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማል፦ በፉጨት ይጀምራል፣ «ቾክ ቾክ ቾክ» ይላል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ቦታውን ካወቅሽ በኋላ በሀበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተመለሺ፤ በዚያ ወቅት ያኔ ነግቷል። ራቅ ብለሽ ቁሚ። ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ እግርሽ ሥር ያለ ይመስልሻል፤ ቅርንጫፍ እየገለጥሽ ከገባሽ ግን ዝም ብሎ መሬት ለመሬት ይሾልካል። ሲዘፍን ጉሮሮው ይነፋል፣ ጅራቱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያጋልጠው ይኸው ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ጅራቱ ዳማ፣ ደረቱ ደብዘዝ ያለ ጠቃጠቆ አለበት።

4. የተቀዳ ድምፅ በስልክ አታሰሚው። ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፤ ይህን የሚያደርጉትን ሳይ በጣም አዝናለሁ። ከማርች 1 እስከ ኦገስት 20 ደግሞ ውሻን ሜዳ ላይ መልቀቅ በስዊድን ሕግ ክልክል ነው።

5. መንገዱንም እወቂለት። በ2001 እ.ኤ.አ. ቶርድ ፍራንሶንና ባልደረቦቹ ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተጉዘው የማያውቁ ወጣት ኔክተርጋሎችን ስዊድን ውስጥ ይዘው፣ የሰሜን ግብፅን በሚመስል የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከበቧቸው። ወፎቹ መስኩ ካልተለወጠባቸው ይልቅ ብዙ ስብ አከማቹ፤ ከፊታቸው ሰሃራ እንዳለ የነገራቸው አልነበረም! ከበረሃው ማዶ ሱዳንና ኢትዮጵያ ያርፋሉ፣ ከዚያ በኬንያ በኩል እስከ ዛምቢያና ዚምባብዌ ይወርዳሉ። «የስዊድን ወፍ ነው» ለሚሉሽ ሁሉ፣ እዚህ የሚቆየው የዓመቱን ሩብ ያህል መሆኑን ንገሪያቸው። በጥቅምት ሀገር ቤት ከሄድሽ መነጽርሽን አትርሺ፤ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ሥር ያንኑ ዳማ ጅራት ፈልጊ።