ቍልፍ የያዘው ወንድማችን



እስረኛን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ቍልፉን ይዞ በደጁ የሚያድረውን ግን ማን ጠየቀው? በቱሉ ዲምቱ ለምንኖር ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የቃሊቲ ስም ለብዙ ዘመን ከማረሚያ ቤት ጋር ተያይዞ ሲጠራ ኖሯል፤ በዚያ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ጎረቤቶችም አሉን።

ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ በታሰሩበት ሌሊት ምድር ተናወጠች፣ ደጆችም ተከፈቱ (ግብረ ሐዋርያት 16)። ጠባቂው እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። ጮኾ የከለከለው እስረኛው ጳውሎስ ነው። ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ አስቀድሞ ሕይወቱ ተጠበቀ፣ ቀጥሎ ቃሉ ተነገረው።

የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ጠብን፣ ሕመምንና ሞትን ያያል፤ ያየውን ግን ለቤተ ሰቡ አይናገርም። ዘወትር ተጠንቅቆ መቆም የለመደ አእምሮ ቤት ሲገባም አያርፍም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2008 ዓ.ም. ያጸደቀው የኔልሰን ማንዴላ ሕግጋት፣ በቍጥር 74፣ የዚህን ሥራ ከባድነት ተቀብሎ የሠራተኛው የሥራ ሁኔታ የተመቸ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ ርዳታ መፈለግ የስንፍና ምልክት አይደለም።

እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ማብዛትና ተስፋ መቍረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቈዩ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። እኛስ ምን እናድርግ?

1ኛ/ እናዳምጥ። «አንተ ወታደር አይደለህም እንዴ?» ብለን አፉን አንዝጋው። ወሬው ወደ አለቃው እንዳይደርስ ይሰጋልና የሰማነውን አናውራ።

2ኛ/ ሕይወቱን ለማጥፋት አስቦ እንደ ሆነ በግልጽ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አስቦ ከሆነ ብቻውን አንተወው፤ መሣሪያ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ሕይወት በሚያሰጋ ጊዜ ለሚረዳው ሰው መንገር ሐሜት አይደለም፤ የኑዛዜ ምሥጢር ግን ምንጊዜም የተጠበቀ ነው።

3ኛ/ አስቸኳይ ካልሆነ ከቅርቡ ጤና ጣቢያ እንጀምር፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ዋና ማዕከል ነው። እስከ በሩ አብረነው እንሂድ።

4ኛ/ ጸሎትንና መድኃኒትን አናጣላ። የሚጸልይ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ፤ ያለ ሐኪም ፈቃድም አያቋርጥ።

የፊልጵስዩሱ ጠባቂ በዚያው ሌሊት የእስረኞቹን ቍስል አጠበ፣ ማዕድም አቀረበላቸው። ራሱ የተረፈ ሰው ለሌላው ይራራል፤ ስለዚህ የጠባቂው ጤንነት ለእስረኛውም ምሕረት ነው።

ለውይይት፦
ሀ) በቁምስናችን ይህን ሥራ የሚሠራ ማን አለ? መቼስ ጠየቅነው?
ለ) ሐኪም ዘንድ አብሮት የሚሄድ ከመካከላችን ማን ነው?