ተጫዋቹን አጎቴን በአርባው እንዴት እናስበው?

ጥያቄ፦ አጎቴ በሄደበት ሁሉ ሰው የሚያስቅ ተጫዋች ነበር። በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግን የተወለደበትንና የሠራበትን ዓመት ከመዘርዘር አላለፈም። አሁን አርባው እየደረሰ ነው። ቀልዱን አንስተን ብንስቅ ነውር ይሆንብናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ነውር የለውም፤ ጊዜውን መምረጥ ብቻ ነው። 40ኛው ቀን ከሁሉ በፊት የጸሎት ቀን ነውና ፍትሐቱ ይቅደም። ጨዋታው ተዝካሩ ተበልቶ፣ ካህናቱ ተሸኝተው፣ ቤተ ዘመድና የቅርብ ወዳጅ ብቻ ሲቀር ይምጣ። አስቀድማችሁ ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ሐዘኗ ገና ትኩስ ነው።

«ተጫዋችና ሰው ወዳድ ነበር» የሚለው በብዙ ሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስላለ እሱን ለይቶ አያሳይም። ይልቅ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጠመኝ ያምጣ፦ የት ነበራችሁ? ማንን አሳቀ? ምን ብሎ? በሰው ጉድለት ላይ የተቀለደውን ተዉት። አብሮ አደጎቹንና የዕድር ጓደኞቹን መጥራት አትርሱ፤ ቤተሰቡ ያልሰማው ጨዋታ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ሲያወሩ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። ከዚያ የተመረጠውን ጽፋችሁ ለሙት ዓመቱ አድርሱት፤ ያኔ ከልጆቹ አንዱ ቢያነበው መልካም ነው።