የአንድ ግስ እርባታ፦ «ላቫሬ» ወይም ማጠብ



ከሀገራችን ካህናት በርካቶቹ የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን በሮማ የተከታተሉ ናቸው። በየቁምስናው መደርደሪያ ላይ ከሚገኙት የትምህርተ ክርስቶስና የቅዱሳን ታሪክ መጻሕፍትም ጥቂት የማይባሉት በጣልያንኛ የተጻፉ ናቸው። መጻሕፍቱን ለመጠቀም የሚሻ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ ግስ ማርባት ይኖርበታል። በዚህ እትም አንድ ደንበኛ ግስ ወስደን በየጊዜውና በየአነጋገሩ እናረባለን። የመረጥነው ግስ «ላቫሬ» ነው፤ ትርጉሙ ማጠብ ነው። ለምን እርሱን እንደ መረጥን በመጨረሻው ክፍል ይገለጻል።

ይህ ቋንቋ ወደ ዋግ ኽምራ የገባው በመጽሐፍ እንዳልነበረ አንዘነጋም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከጦር ጋር ነው የመጣው፤ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ የተሠዉት ይህንኑ ወረራ ሲዋጉ ነው። ወራሪ ከሁሉ በፊት የሚናገረው በትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ና፣ ሂድ፣ ቁም፣ አምጣ። ቋንቋ ግን በሙሉ ትእዛዝ አይደለም። ወረራው ከመድረሱ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ አድዋ የመጡት ጣልያናዊው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) የሀገሩን ሰው ቋንቋ ተምረው በዚያው አስተማሩ። በ1911 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ አማርኛ ግስ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ በጣልያንኛ ጽፈው በሮማ አሳትመዋል። ግስ ለግስ መማማር እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

1. ግንዱና ጫፉ

እኛ ግስን የምንጠራው በኀላፊው ነው፤ «አጠበ» እንላለን። ጣልያንኛ ግን በአርእስቱ ይጠራዋል፤ «ላቫሬ» ሲል «ማጠብ» ማለቱ ነው። የጣልያንኛ ግሶች በሦስት ቤት ይከፈላሉ፦ በ«አሬ»፣ በ«ኤሬ» እና በ«ኢሬ» የሚጨርሱ። ላቫሬ የመጀመሪያው ቤት ነው። ቃሉ ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም፤ ሾፌሮች መኪና የሚያሳጥቡበትን ቦታ «ላቫጆ» የሚሉት ከዚሁ ግስ ወስደው ነው።

ከላቫሬ «አሬ»ን ብናነሣ የሚቀረው «ላቭ» ግንዱ ነው። በአማርኛ ግሱ ከውስጥ ይለዋወጣል፤ አጠበ፣ ያጥባል፣ ይጠብ፣ አጥቦ እንላለን። በጣልያንኛ ደንበኛ ግስ ግን ግንዱ እንዳለ ይቆያል፤ ባለቤቱም ጊዜውም የሚታወቀው ከጫፉ ነው። ስለዚህ እንደ እኛው ሁሉ «እኔ»፣ «አንተ» ማለት ግድ አይሆንም።

2. ኢንዲካቲቮ፦ በእርግጥ የሚነገር ነገር

ጣልያኖች የአነጋገርን መንገድ «ሞዶ» ይሉታል። ከእነዚህ የመጀመሪያው ኢንዲካቲቮ ነው፤ የሆነውን፣ የሚሆነውንና ወደ ፊት የሚሆነውን በእርግጠኝነት ይናገራል። ተራው እኔ፣ አንተ፣ እርሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነርሱ ነው።

ሀ) የአሁን ጊዜ (አጥባለሁ)፦ ላቮ፣ ላቪ፣ ላቫ፣ ላቪያሞ፣ ላቫቴ፣ ላቫኖ።

ለ) ያልተፈጸመ ኀላፊ (አጥብ ነበር)፦ ላቫቮ፣ ላቫቪ፣ ላቫቫ፣ ላቫቫሞ፣ ላቫቫቴ፣ ላቫቫኖ።

ሐ) የሩቅ ኀላፊ (አጠብሁ)፦ ላቫይ፣ ላቫስቲ፣ ላቮ፣ ላቫሞ፣ ላቫስቴ፣ ላቫሮኖ።

መ) የወደ ፊት ጊዜ (ወደ ፊት አጥባለሁ)፦ ላቬሮ፣ ላቬራይ፣ ላቬራ፣ ላቬሬሞ፣ ላቬሬቴ፣ ላቬራኖ። በዚህ ጊዜ «ቫ» ወደ «ቬ» እንደ ተለወጠ ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያው ቤት ደንበኛ ግሶች ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ።

አንባቢው «ላቮ» በሀ ም በሐ ም እንደ ተጻፈ ሳያይ አይቀርም። በጣልያንኛ ጽሕፈት ሁለተኛው በላዩ ምልክት አለው፤ በድምፅም ይለያያሉ። «አጥባለሁ» ሲሆን «ላ» ይጠብቃል ሳይሆን ጎላ ተደርጎ ይነገራል፤ «አጠበ» ሲሆን ግን የሚጎላው «ቮ» ነው። የእኛም ፊደል «አለ» ብሎ ሲጽፍ ተናገረ ይሁን ኖረ የሚለየው አንባቢው በማጥበቅና በማላላት ነው። ስለዚህ ችግሩን ለማስተዋል አንቸገርም።

3. በረዳት ግስ የሚነገሩ ጊዜያት

«ላቫቶ» ማለት «የታጠበ» ማለት ነው። ከፊቱ «አለኝ» የሚል ትርጉም ያለው ረዳት ግስ ሲገባ አዲስ ጊዜ ይወለዳል።

ሀ) የቅርብ ኀላፊ (አጥቤአለሁ)፦ ኦ ላቫቶ፣ አይ ላቫቶ፣ አ ላቫቶ፣ አቢያሞ ላቫቶ፣ አቬቴ ላቫቶ፣ አኖ ላቫቶ።

ለ) ከኀላፊ በፊት ያለፈ (አጥቤ ነበር)፦ አቬቮ ላቫቶ፤ ሌላውም በዚሁ ይቀጥላል።

ሐ) በታሪክ መጻሕፍት የሚገኝ፣ አንድ ሥራ እንዳለቀ ሌላው መከተሉን የሚያሳይ (ካጠበ በኋላ)፦ ኤቤ ላቫቶ።

መ) ወደ ፊት ተፈጽሞ የሚገኝ (አጥቤ እገኛለሁ)፦ አቭሮ ላቫቶ።

«ላቫይ» እና «ኦ ላቫቶ» ሁለቱም ያለፈ ሥራ ይናገራሉ፤ ልዩነታቸውን አማርኛ ዐዋቂ በቀላሉ ይረዳዋል። «አጠብሁ» ያለ ሰው ያለፈን ታሪክ ተረከ፤ «አጥቤአለሁ» ያለ ግን የሥራው ፍሬ እስካሁን እንዳለ መሰከረ።

4. ኮንጁንቲቮ፦ ምኞት፣ ፈቃድ፣ ጥርጥር

በቅኔ ቤት ዘንድ አንቀጽና ሦስተኛው መደብ ትእዛዝ የሚባሉትን ሥራ በጣልያንኛ የሚሠራው ኮንጁንቲቮ ነው። በግእዙ ኀፀበ፣ የኀፅብ፣ ይኅፅብ፣ ይኅፅብ ብሎ ያረባ ተማሪ ቦታውን ወዲያው ያገኘዋል።

ሀ) የአሁን ጊዜ (ያጥብ ዘንድ፣ ይጠብ)፦ ላቪ፣ ላቪ፣ ላቪ፣ ላቪያሞ፣ ላቪያቴ፣ ላቪኖ።

ለ) ያልተፈጸመ (ባጥብ)፦ ላቫሲ፣ ላቫሲ፣ ላቫሴ፣ ላቫሲሞ፣ ላቫስቴ፣ ላቫሴሮ።

በአቡነ ዘበሰማያት «ይቀደስ»፣ «ትምጣ»፣ «ይሁን» የምንላቸው ሦስቱ ልመናዎች በጣልያንኛ የሚነገሩት በዚሁ በኮንጁንቲቮ ነው።

5. ኮንዲጺዮናሌ፦ በሁኔታ የታሰረ ነገር

«ውሃ ባገኝ አጥብ ነበር» ስንል ሥራው በሌላ ነገር ታስሯል። እርባታው እንዲህ ነው፦ ላቬሬይ፣ ላቬሬስቲ፣ ላቬሬቤ፣ ላቬሬሞ፣ ላቬሬስቴ፣ ላቬሬቤሮ። አማርኛ «አጥብ ነበር» ሲል የዘወትር ልማድም የታሰረ ምኞትም ሊሆን ይችላል፤ ጣልያንኛ ግን የመጀመሪያውን «ላቫቮ»፣ ሁለተኛውን «ላቬሬይ» ብሎ ይለያል። ተርጓሚዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዚህ ቦታ ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻል።

6. ኢምፔራቲቮ፦ ትእዛዝ

እጠብ፦ ላቫ። እንጠብ፦ ላቪያሞ። እጠቡ፦ ላቫቴ። አትጠብ ለማለት አርእስቱን ወስደው «ኖን ላቫሬ» ይላሉ። ትልቅን ሰው ሲያነጋግሩ ግን ትእዛዙን ትተው ከኮንጁንቲቮ ይዋሳሉ፤ «ላቪ» ይላሉ። እኛም ለአባቶች «እጠብ» አንልም፤ «ይጠቡ» እንላለን፤ ይህም የሦስተኛ መደብ አነጋገር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አክብሮትን በአንድ መንገድ ገለጡ።

ከእነዚህ ሌላ ባለቤት የማይጠቁሙ ሦስት አሉ፦ አርእስቱ «ላቫሬ»፣ «የታጠበ» የሚለው «ላቫቶ»፣ እንዲሁም «እያጠበ» የሚለው «ላቫንዶ»።

7. ግሱ በወንጌል ውስጥ

አሁን የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 13 በጣልያንኛ እንክፈት። ጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር የምንፈጽምበት ይህ ታሪክ ያረባነውን ግስ በየጊዜው ይዞታል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ ሲጀምር «ላቫሬ»ን በአርእስቱ እናገኘዋለን። ጴጥሮስ በመገረም ሲጠይቅ በአሁን ጊዜ «ላቪ» ይላል። እንቢ ሲል ወደ ወደ ፊት ጊዜ ይሻገራል፤ «ላቬራይ»ን ከአፍራሽ ቃል ጋር ያጣምራል። ጌታም በዚያው ጊዜ «ላቬሮ» ብሎ ይመልስለታል፤ ካላጠበው ዕድል ፈንታ እንደሌለው ያስጠነቅቀዋል። ወንጌላዊው ሥራው መፈጸሙን ሲተርክ «ኤቤ ላቫቶ» ይላል። በመጨረሻ ጌታ ራሱ ስለ ሥራው ሲመሰክር «ኦ ላቫቶ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ደቀ መዛሙርቱ እርስ በርሳቸው እንዲተጣጠቡ እንደሚገባቸው ይነግራቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በዚህ ታሪክ ሁሉ ውስጥ «ላቫቴ»፣ ማለትም «እጠቡ» የሚለው ትእዛዝ የለም። ጌታና መምህር ሆኖ ሳለ ማዘዝ ሲችል አስቀድሞ ሠራ፤ «አጥቤአለሁ» ሊል የሚችል ሆነ፤ ግዴታውንም ከሥራው በኋላ አስከተለ። ዐሥርቱ ትእዛዛትም የሚጀምሩት በትእዛዝ እንዳልሆነ እናስታውስ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 እግዚአብሔር አስቀድሞ ከግብፅ ባርነት ቤት እንዳወጣቸው ይናገራል፤ ሕጉ ከዚያ ይከተላል። ኀላፊው ይቀድማል፤ ትእዛዙ ይከተላል።

ይህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ትልቅ ትምህርት ነው። ሕፃናትን ሰብስበን ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ታዘዙ፣ አትስረቁ ብቻ ብንላቸው ሃይማኖትን በትእዛዝ አንቀጽ ብቻ ሰጠናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከማን እንደሚሰማ ከዚህ በላይ አይተናል። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት በተከዜ ቆላ፣ በጽጽቃ አካባቢ፣ የእንግዳን እግር ያጠበ ሰው ምን ያህል እንደ ሰጠ ሕፃናቱ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ከዚያ እንጀምርላቸው፤ እግዚአብሔር ያደረገልንን በኀላፊው እንንገራቸው፤ ከዚያ የሚገባንን እንጨምር። ለኽምጣኛ ተናጋሪ ልጆች የሚያስተምር መምህርም ይህንኑ ቅደም ተከተል በራሳቸው ቋንቋ ቢጠብቅ ይጠቀማል።

መልመጃ

1) «ፔርዶናሬ» (ይቅር ማለት) እና «አማሬ» (መውደድ) የመጀመሪያው ቤት ደንበኛ ግሶች ናቸው። ሁለቱን በአሁን፣ በወደ ፊትና በቅርብ ኀላፊ ጊዜ አርቡ። «አማሬ» ከእኛው «አማረ» ጋር በድምፅ ቢቀራረብም በትርጉም የተለየ ነው።

2) «ይቅር ብያለሁ»፣ «ይቅር እላለሁ»፣ «ይቅር ባልሁ ነበር» የሚሉትን በጣልያንኛ ጻፉ። መልሱ በተራ፦ ኦ ፔርዶናቶ፤ ፔርዶኖ (ለወደ ፊት ከሆነ ፔርዶኔሮ)፤ ፔርዶኔሬይ።

3) ከሦስቱ የትኛው በኑዛዜ ዋዜማ ከአፋችን ቢወጣ እንደሚሻል ከሕፃናቱ ጋር ተወያዩ።