እናት ያለውና እናት የሌለው
«እናት» ስለ ተባለው የኮርያ ፊልም የቀረበ ጥናት

ያለፈው መንፈቀ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ በተረፉን ጥቂት የዕረፍት ቀናት፣ ከማደሪያ ክፍላችን ባልንጀሮች ጋራ ሆነን አንድ የኮርያ ፊልም በዲስክ አየን። በማግሥቱ ደግመን አየነው። ከዚያም እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር አምሽተን፣ በሦስተኛው ቀን እያቆምንና ወደ ኋላ እየመለስን ተመለከትነው። ይህች ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ናት። የነገሩን መጨረሻ ሳንደብቅ ስለምናወራ፣ ፊልሙን ገና ያላየ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር አስቀድሞ አይቶት ወደ እኛ ቢመለስ ይሻለዋል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፊልሙ «እናት» ይባላል። የሠራው ቦንግ ጁን ሆ ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየው በ2009 ነው፤ በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ቀርቧል። ብዙ ሰው ይህን ዳይሬክተር ያወቀው በ2020 የኦስካርን ከፍተኛ ሽልማት ባገኘለት «ፓራሳይት» በተባለው ሥራው ነው። እኛ ግን ከሁለቱ ይህኛውን እናስበልጣለን፤ በዚህ የማይስማማ እንደሚኖር እናውቃለን።

ርዕሱ ራሱ ማስተዋል ይፈልጋል። የኮርያ ቋንቋ ለእናት የራሱ ቃል አላጣም። ዳይሬክተሩ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል በኮርያ ፊደል ጽፎ ርዕስ አደረገው። ቃሉ በዚያ አጻጻፍ ሲነበብ፣ ነፍስ ግድያ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋራ በድምፅ ለመምታታት ጥቂት ነው የሚቀረው። ባለ ታሪኳም ስም የላትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንም በስሟ ሲጠራት አንሰማም። እናት ከመሆን በቀር ሌላ ማንነት የተወላት የለም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የመድኃኒት ሥርና ቅጠል በሚሸጥበት ሱቅ የምትሠራ አንዲት ባልቴት አለች። ያለ ፈቃድም አኩፓንክቸር የሚባለውን የሩቅ ምሥራቅ የመርፌ ሕክምና በድብቅ ትሰጣለች። ያላት አንድ ልጅ ዶ ጁን ነው፤ በዕድሜው ጎልማሳ ቢሆንም አእምሮው የልጅ ነው፤ ትናንት የሆነውን ዛሬ ለማስታወስ ይቸገራል። ያው እንደ ልጅነቱ ከእናቱ ጋራ በአንድ ምኝታ ይተኛል። አንድ ሌሊት አህ ጆንግ የምትባል ተማሪ ተገድላ፣ ሬሳዋ በአንድ ባዶ ቤት ጣራ ጫፍ ላይ፣ ከተማው ሁሉ በሚያየው ስፍራ ተንጠልጥሎ ተገኘ። በስፍራው ዶ ጁን በገዛ እጁ ስሙን የጻፈበት የጎልፍ ኳስ ስለ ተገኘ ፖሊሶች ያዙት። ምን እንደ ሆነ ያልገባውን ወረቀት ሰጡትና ፈረመ። በከተማው ስመ ጥር የሆነው ጠበቃ ደግሞ፣ ልጁ ጥቂት ዓመታት በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቢቀመጥ ነገሩ እንደሚያልቅ፣ በምግብና በመጠጥ መካከል ሆኖ ነገራት። ያን ጊዜ ወንጀለኛውን ራሷ ልትፈልግ ተነሣች።

እዚህ ላይ ፊልሙ ወጥመዱን ይዘረጋል፤ የሚይዘውም እናቲቱን ሳይሆን ተመልካቹን ነው። እንዴት እንደ ያዘን እንናገር። እናቲቱ የልጇን ጓደኛ ጂን ቴን ጠርጥራ ሰው በሌለበት ወደ ቤቱ ትገባለች። እሱ ከወዳጁ ጋራ በድንገት ሲመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ትሸሸጋለች። ሁለቱ ከተኙ በኋላ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ስትወጣ የውሃ ጠርሙስ ትገለብጣለች፤ ውሃው ወለሉን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ተኛው ሰው ጣት ይሄዳል። በዚያች ደቂቃ ክፍላችን ውስጥ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ሳትያዝ እንድትወጣ ተመኘንላት። የሰው ቤት ሰብራ መግባቷ፣ ዕቃ መስረቋ ለአንዳችንም አልታየንም። ማስረጃ ብላ ለፖሊስ የወሰደችው የጎልፍ መምቻ ላይ የነበረው ቀይ ነገር ግን ደም ሳይሆን የከንፈር ቀለም ሆኖ ተገኘ። እኛ ሣቅን። ዳይሬክተሩ እንድንሥቅ የፈለገበትን ምክንያት የተረዳነው ዘግይተን ነው፤ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ሳለ እኛ በልባችን ፈርደንበት ነበርና።

እንዲህ እያደረገ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከእናቲቱ ጎን ካቆመን በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ይወስደናል። ሽማግሌው እኛ ቆራሌ የምንለው ዓይነት ሰው ነው፤ ውዳቂ ዕቃ እየሰበሰበ ይኖራል። እሱም ያን ሌሊት በዓይኑ ያየውን ይነግራታል። ዶ ጁን ልጅቱን ተከትሎ በጠባቡ መንገድ ሄደ፤ እሷም ከጨለማው ትልቅ ድንጋይ ወረወረችበትና ጅል ብላ ሰደበችው፤ እሱ ያንኑ ድንጋይ መልሶ ወረወረው። ለካስ የፈረደችበት ሁሉ ሐሰት፣ የፖሊሱ ወረቀት እውነት ኖሯል! ሽማግሌው ለፖሊስ ስልክ ሊመታ ሲል እናቲቱ በብረት መፍቻ ደጋግማ መታችው፤ ቤቱንም አቃጠለችው።

ብዙ ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ የሚያነሣው ይህንን ግድያ ነው። እኛ ግን በሦስተኛው ዕይታችን ዓይናችን ያረፈው ከዚያ በፊት ባለች ትንሽ ነገር ላይ ነው። ልጁ ሰው ሲንቀው ዝም እንዳይል፣ የመታውን እንዲመታ፣ ጅል የሚለውን እንዳይምር ያስተማረችው እሷ ናት። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ደካማ ልጇ የመንደር መጫወቻ እንዳይሆን የሠጋች እናት የምትመክረው ነው። ዶ ጁንም ከሁሉ ነገር ረስቶ ያልረሳው ይህንን አንድ ትምህርት ነው፤ ስድቡን በሰማ ቁጥር እንደ ደወል ይነሣል። ስለዚህ በዚያ ጨለማ መንገድ ላይ ድንጋዩን ያነሣው የልጁ እጅ ቢሆንም፣ እጁን ያሠለጠነው ማን እንደ ሆነ ፊልሙ ሳይናገር ይናገራል። ከዚህም የባሰ አለ። ልጁ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ፣ ችግር የጸናባት እናት አብረው ሊሞቱ አስባ መርዝ አጠጥታው እንደ ነበር በእስር ቤቱ መጠየቂያ መስታወት ፊት ያስታውሳታል። የትናንቱን የማያስታውስ ልጅ ይህንን ማስታወሱ! እናቲቱ እንዴት እንደ ጮኸች ልንጽፈው አንችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ሽማግሌው ከሞተ በኋላ ፖሊሶች ሌላ ሰው ይይዛሉ። ጆንግ ፓል ይባላል፤ እሱም አእምሮው ደካማ ነው፤ በልብሱ ላይ የልጅቱ ደም ተገኝቷል። ደሙ ግን ከአፍንጫዋ የነሠራት ነው። እናቲቱ ልታየው ትሄዳለች። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠውን ልጅ አይታ እናት እንዳለው ትጠይቀዋለች። የለውም። ታለቅሳለች። ከዚያም ተነሥታ ትሄዳለች፤ የምታውቀውን አትናገርም።

በክፍላችን ክርክሩ የጋለው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ በዓለም ላይ ያለች እናት ሁሉ በእሷ ስፍራ ብትሆን ያው ነው የምታደርገው፤ ስለዚህ ሊፈረድባት አይገባም አለ። ሌላው፣ የሕግ ተማሪ ነው፣ እናት ሁሉ የምታደርገው ከሆነ ሕግ ያስፈለገው ስለዚሁ ነው ብሎ መለሰለት። እኛ ሁለቱም ከነገሩ ዳር ቆመዋል ባዮች ነን። ሁለት ወጣቶች አሉ፤ ሁለቱም ደካሞች ናቸው፤ ሁለቱም የተጠየቁትን ሁሉ እሺ የሚሉ ናቸው። አንዱ እናት ስላለው ወጣ፤ ሁለተኛው እናት ስለሌለው ገባ። ለአንዱ የሚሮጥለት ሰው ቢኖረው ነው እንጂ፣ በማስረጃው ላይ ከመጀመሪያውም ቢሆን ማን አተኩሮ አየ? ፖሊሶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከእናቲቱ ጋራ በስም የሚተዋወቁ የሰፈር ልጆች ናቸው። ቸኩለው ነበር፤ ፋይሉ እንዲዘጋ ፈለጉ፤ ፊርማ አገኙ።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አለመሆኑን ለማወቅ የኮርያን የፍርድ ታሪክ ማየት ይበቃል። ቦንግ ጁን ሆ በ2003 «የግድያ ትዝታዎች» የሚባል ፊልም ሠርቶ ነበር። መነሻው ከ1986 እስከ 1991 በህዋሶንግ አካባቢ አሥር ሴቶችና ልጃገረዶች የተገደሉበት እውነተኛ ነገር ነው። ከእነዚህ ግድያዎች ስምንተኛው፣ በ1988 የ13 ዓመት ልጅ የተገደለችበት፣ ወንጀለኛው ተገኘለት ተብሎ በ1989 አንድ ወጣት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ወጣቱ በልጅነቱ በያዘው የፖሊዮ በሽታ እግሩ የተጎዳ፣ ትምህርቱም ጥቂት የነበረ ሰው ነው። እንቅልፍ ነሥተው፣ ደብድበው አሳመኑኝ እያለ ቢጮኽ የሰማው አልነበረም። 20 ዓመት ያህል ታስሮ በአመክሮ የተፈታው በ2009 ነው፤ ማለትም «እናት» በታየበት በዚያው ዓመት። በ2019 በዘር ምርመራ እውነተኛው ገዳይ ታወቀ፤ በሌላ ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በእስር ቤት ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ስምንተኛውንም ግድያ የፈጸመው እሱ መሆኑን አመነ። ያ ምስኪን በ2020 ታኅሣሥ ወር እንደ ገና ታይቶ በነጻ ተለቀቀ።

ፊልሙ የዚህን ሰው ታሪክ ይተርካል ማለታችን አይደለም፤ ሲሠራ እውነቱ ገና አልወጣም ነበር። የምንለው፣ ዳይሬክተሩ በ2003 መልስ ያጣበትን ጥያቄ በ2009 ከሌላ ወገን ጠይቆታል ነው። በፊተኛው ፊልም መርማሪዎቹ ገዳዩን አጥተው ይቀራሉ። በኋለኛው ገዳዩ ይገኛል፤ የሚያገኘው ግን እንዳይገኝ የሚፈልገው ሰው ነው። የጆንግ ፓልን ፊት ስናይ የዚያ የ20 ዓመት እስረኛ ነገር ከሐሳባችን አልወጣ አለ።

ስለ ተዋናይቱ ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆናል። ወይዘሮ ኪም ሄ ጃ በ1941 የተወለዱ ናቸው። ከ1980 እስከ 2002፣ ከ1000 ክፍል በላይ በተላለፈ አንድ የገጠር ኑሮ የቴሌቪዥን ድራማ ደግ እናት ሆነው ስለ ተጫወቱ፣ የኮርያ ሕዝብ የሀገር እናት አድርጎ ያያቸው ነበር። ዳይሬክተሩ የመረጣቸው በዚሁ ምክንያት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ለሃያ ዓመት እናቴ ሲለው የኖረው ፊት ብረት መፍቻ ሲያነሣ ማሳየት ፈለገ። በ2010 የሎስ አንጀለስ የፊልም ሐያስያን ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ብሏቸዋል። እኛ ሳናውቅ ቀርተን ያስገረመን ደግሞ፣ እኚሁ ሴት የወርልድ ቪዥን የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነው በ1992 ወደ አገራችን መምጣታቸው ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ወደ ኮርያ ሲዘምቱ እሳቸው የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ። ከመካከላችን አያቱ የቃኘው ዘማች የነበሩ አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊልሙን ለአራተኛ ጊዜ ከፈተው።

ፊልሙን በዲስክ ማየት ለተማሪ የሚሰጠው ጥቅም ይኸው መመለስ መቻሉ ነው። በሲኒማ ቤት ያለፈ አለፈ። እኛ ግን መጨረሻውን ካወቅን በኋላ መጀመሪያውን ደግመን ስናይ ሌላ ፊልም ሆኖ አገኘነው። መክፈቻው ላይ እናቲቱ በደረቀ ሣር ሜዳ ውስጥ ብቻዋን መጥታ ሳትናገር ትጨፍራለች፤ ስትጨርስ እጇን ልብሷ ውስጥ ትከታለች። በመጀመሪያው ዕይታ አበደች ብለን ነበር። ኋላ ከየት እንደ መጣች፣ እጇ ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ከዚያ ቀጥሎ በሱቁ ውስጥ እንደ ድርቆሽ መቁረጫ ባለ ትልቅ ስለት ሥር እየቆረጠች፣ ዓይኗን ግን ከመንገዱ ማዶ ካለው ልጇ አትነቅልም፤ መኪና ሲገጨው ጣቷን ትቆርጣለች። ሮጣ ሄዳ በልብሱ ላይ ደም ስታይ ደሙ የእሱ መስሏት ትጮኻለች፤ ደሙ የራሷ ነው። የፊልሙ ነገር ሁሉ በዚህች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ተዘርቶ ነበር፤ እኛ አላየንም። ዳይሬክተሩ በ2013 የፊልሙን ጥቁርና ነጭ ቅጂም አውጥቷል። የሆንግ ክዮንግ ፒዮ ካሜራ የያዘው የሣሩ ወርቃማ ቀለም ስለሚጠፋበት፣ ቀለም ያለው ይብለጥብን እንላለን።

አንድ ነገር ግን ሦስት ጊዜ አይተን፣ ተከራክረን፣ እስካሁን አልተስማማንበትም። ዶ ጁን ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ ገዳዩ ሬሳውን ከፍ ባለ ቦታ ያደረገው ሰው አይቶ ለሐኪም እንዲያደርሳት ብሎ ይሆናል ይላል፤ ምግቡንም ያላምጣል። ከዚያ እናቲቱ ከሌሎች እናቶች ጋራ ለሽርሽር በአውቶቡስ ልትሄድ ስትል፣ ከተቃጠለው የሽማግሌው ቤት ያገኘውን የመርፌ ሣጥኗን በእጇ ያስይዛታል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ መጣል እንደማይገባት ይነግራታል። እሷ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ፣ ክፉ ትዝታ ያስረሳል የምትለውን መርፌ በራሷ ጭን ላይ ትወጋለች፤ በአውቶቡሱ መተላለፊያ ከሚጨፍሩት እናቶች ጋራም ትቀላቀላለች። ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ስለምትገባ ማን ማን እንደ ሆነች አይለይም። ጥያቄያችን ስለ ሣጥኑ ነው፤ ልጁ አውቆ ነው የሰጣት ወይስ ሳያውቅ? ከመካከላችን ግማሹ አውቋል ይላል፤ ግማሹ ዶ ጁን ያን ያህል ሊያውቅ አይችልም ይላል። ዲስኩ በማደሪያ ክፍላችን አለ። መጥቶ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ ሣጥኑን በሚያቀብልበት ጊዜ የእሷን ሳይሆን የእሱን ፊት ይመልከትልን።